የተቆለፈው የአባት ስም

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሽ የሰው ስም መጻፍ እንኳ አትችይም!» አሉኝ ሊቀ መንበሩ፣ ገበሬው ሁሉ ተሰልፎ እየሰማ።

ደባርቅ ውስጥ የስንዴ ዘር በሚያከፋፍል ማኅበር መዝጋቢ ነበርሁ። የአባቱ ስም ያልተመዘገበ ሰው ዘር አይሰጠውም። ሰሞኑን ደግሞ በወረቀቱ ላይ በአባት ስም ቦታ «ነል» የሚል፣ ባዶ ማለት የሆነ የፈረንጅ ቃል ብቻ እየታተመ ይወጣ ጀመር። ከጃናሞራ የመጡ አንድ ቄስ የዘር መቀበያ ወረቀታቸውን ለሦስተኛ ጊዜ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ከሰማይ ነው የወረድሁት?»

«ኧረ አባ፣ ይኸው የአባትዎ ስም!» ብዬ ስክሪኑን አዞርሁላቸው። ከድሮው መዝገብ የመጣው ስም እውነትም ይታያል። «መዝግብ» የሚለውን ስጫነው ግን ይጠፋል።

የመመዝገቢያውን ፕሮግራም በጃቫ የሠራው ልጅ ጎንደር ነው ያለው። ደወልሁለት።

«ኔትወርካችሁ ነው» አለኝ።

ኔትወርኩ አባት ከአያት ይለያል እንዴ? የአያት ስም በደህና ይደርሳል። ብሮውዘሩ መዝገቡ ወዳለበት ሰርቨር የሚልከውን ዝርዝር ከፍቼ አየሁ፤ የአባት ስም ጭራሹን አልተላከም።

አምና የሟች አባል ድርሻ ለመውረስ አባቱን የቀየረ ሰው ተገኝቶ፣ ሊቀ መንበሩ «የአባት ስም ይቆለፍ! ማንም እንዳይነካው!» ብለው አዝዘዋል። ልጁም ሰሞኑን የአባት ስም መጻፊያውን ሳጥን ቆለፈው። እንዲያ የተቆለፈ ሳጥን ደግሞ ይታያል እንጂ አይላክም። «ለማንበብ ብቻ» ቢያደርገው ማንም ሳይነካው ይላክ ነበር። በእኔው ኮምፒውተር ላይ እንደዚያ አደረግሁና የቄሱን መዘገብሁ። ከነአባታቸው ታተሙ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ቁልፍ የምትከፍቺ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ ቆመው።

«ስሙን የሚያስቀረው ቁልፉ ነው፣ ጋሼ። ይኸው ይዩት።»

«ጥፋቱ የኔ ትእዛዝ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

ከሰልፉ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ሊቀ መንበሩ ወረቀት አምጥተው ፊቴ አኖሩ፤ ስሞቹን በግድየለሽነት ሳላስገባ ቀርቻለሁ ይላል።

«ፈርሚና ወደ ሥራሽ።»

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም።»

«እንግዲያ ሥራ የለሽም።»

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ልጁ ምኑን ማስተካከል እንዳለበት ጻፍሁና ጠረጴዛቸው ላይ ተውሁት። የማኅበሩ ማኅተም ገና እኔው ዘንድ ነበር። በቄሱ ወረቀት ላይ መታሁት፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።