ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰችው ሴት

ሶፋ ሠሪው ብዙ ፊልም አይቷል፤ የሚወደው ግን አንዱን ብቻ ነው። እሱንም ያየው በሥራ ምክንያት ነው። ጎረምሳ ሳለ አንድ ሲኒማ ቤት ወንበሮቹን እንዲያድስ ቀጠረው። ጠዋት ጠዋት የተቀደደውን ቆዳ ይገፍፋል፣ የተኛውን ስፖንጅ ይቀይራል፣ የላላውን ሞላ በገመድ ይወጥራል። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲጠፋ መዶሻ ማሰማት ስለማይቻል፣ ራሱ ባደሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። በዚያ ወቅት ቤቱ የሚያሳየው ያንኑ አንድ ፊልም ነበር። ቋንቋው ማንም የማያውቀው የሩቅ አገር ቋንቋ ነው፤ ትርጉም የሚባል ነገር የለውም። ሰዉ ግን እየተጋፋ ይገባና ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል።

ታሪኩ፣ እሱ እንደሚያወራው፣ እንዲህ ነው። ፊልሙ ሲጀምር አንዲት ሴት ባሏን ሳታናግር ሻንጣዋን አንስታ ትወጣለች። ባልየው መስኮቱ ጋ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ ትዝታው ይመጣል፤ አብረው ሲበሉ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲኮራረፉ። መጨረሻ ላይ ዝናብ እየዘነበ በር ይንኳኳል። ሲከፍት ያችው ሴት ከነሻንጣዋ ቆማለች። ሻንጣዋን ይቀበላታል፣ ትስቃለች፣ ያልቃል።

እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ጣቱን ያነሳል። «ልብ በሉ! ‹የት ነበርሽ?› እንኳ አላላትም።»

የሚሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሑድ ከምሳ በኋላ የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ለደንበኛ ይዘጋና እነሱ ይሰበሰባሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ፣ አንድ ባለታክሲ፣ ከሱቁ በላይ ፎቁ ላይ የምትኖረው መጋረጃ ሰፊ፣ እና ሶፋ ሠሪው። ተራ የደረሰው ሰው መላጫው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፎጣው እስከ አንገቱ ይታሰርለትና የሚወደውን ፊልም ያወራል። ከዚያ ሌሎቹ ፊልሙን ይላጩታል። ለማናናቅ የሚሉት እንዲህ ነው፣ «እንላጨው።» ፎጣውን ፀጉር አስተካካዩ እስኪፈታለት ድረስ መነሳት ክልክል ነው። እጅ ፎጣው ሥር ስለሚሆን ሰውየው ዓይኑን እንኳ ማሸት አይችልም።

«የዛሬ ፊልም እኮ ጨለማ ነው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «መብራት የተቆረጠባቸው ይመስል! ሰውየው ይሙት ይዳን አይታይህም።»

«የእናንተ ጊዜ ፊልምስ ጋሼ» ይላል ባለታክሲው፤ በዕድሜ ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው። «አንዱ በር እስኪከፍት እኔ ተሳፋሪ አድርሼ እመለሳለሁ። ፊልም ማለት ፍሬን የሌለው መኪና ነው!»

«ፍሬን የሌለውስ ያንተው ታክሲ ነው» ትለዋለች መጋረጃ ሰፊዋ። «እኔ ተከታታዩን ድራማ ነው የምወደው። ባልየው ቢሞት እንኳ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ያመጡላታል። ሥራ አይቆምም።»

«አይ፣ የዛሬ ፊልም የሄደን ሰው መመለስ አያውቅበትም» ይላል ሶፋ ሠሪው። «ወይ ይገድሉታል፣ ወይ ሌላ ያጋቡታል። የእኔ ፊልም ግን ዝናቡን ሰንጥቃ…»

«መጣች!» ይላሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፤ ይሳሳቃሉ።

ይህን ፊልም ለምን እንደሚወድ የማያውቅ በመንደሩ የለም። ሚስቱ ተጣልታው ሌላ ከተማ እኅቷ ዘንድ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ስትወጣ «ትንሽ ልተንፍስ» ብላው ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሞ አያት፤ አልተከተላትም። በፊልሙ ያለው ባል አልተከተለምና። ከሌላ ሰው ጋር ቤት ይዛለች የሚል ወሬ ሲመጣም ደነገጠ እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። «ይሄ መሐሉ ነው» አለ። «ሰው መሐሉን አይቶ ከሲኒማ ቤት አይወጣም።» ቁም ሣጥኑ ውስጥ የእሷ ወገን ባዶውን አለ፤ የእሱ ሸሚዝ መስቀያ አጥቶ በር ላይ ይንጠለጠላል።

ከመጋረጃ ሰፊዋ ጋር ደግሞ ሥራ ያገናኛቸዋል። ለሶፋዎቹ ልብስ የምትሰፋለት እሷ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የወጡላት፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም እንደ እጇ። አንድ ቀን ሱቁ መጥታ ለትልቅ ሶፋ ጨርቅ ስትለካካ፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ተናገረችው።

«ስማ፣ አንተም ብቻህን፣ እኔም ብቻዬን። ለምን አንድ ላይ አንሆንም?»

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን አስቀመጠ። መጋረጃ ሰፊዋን ይወዳታል፤ ይህንንም መንደሩ ያውቃል። «ሚስቴ ስትመጣ ምን እላታለሁ?» አለ።

መጋረጃ ሰፊዋ አንዱን መርፌ ቁልፍ ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችው። «እሺ፤ ያን ጫፍ ያዝልኝ። ሐሳብህን ከቀየርክ ቤቴን ታውቀዋለህ።»

ይህንን ሁሉ ፀጉር አስተካካዩ ያውቃል። እሱን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። የሁሉንም ፊልም ላጭቷል፤ ይህንን አንዱን ማንም ስላላየው ሊላጨው አልቻለም። ስለዚህ በስልኩ ፍለጋ ገባ። ዝናብ፣ ሻንጣ፣ በር፣ መስኮት እያለ ያረጀ ፊልም የሚለቃቅሙ ሰዎች ዘንድ ሲያነፈንፍ ከረመና አገኘው። አውርዶ አየው። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ አፉን ዘግቶ እሑድን ጠበቀ።

እሑድ ዕለት ሶፋ ሠሪውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ፎጣውን ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ አሰረለት። «ዛሬ አታወራም፤ ታያለህ» አለና ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከፈተ።

በማይነበብ ፊደል ስሞች መውረድ ጀመሩ። ሶፋ ሠሪው ከሙዚቃው አወቀው፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ፈካ። ወዲያው ግን ቅንድቡን ቋጠረ።

«ቆይ፣ ከመጨረሻው ነው የከፈትከው። ስሞቹ የሚመጡት እሷ ልትመጣ ስትል ነው። አዋጅ እንደማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ባለታክሲው፣ «የድሮ ፊልም ስም የሚደረድረው ሲጀምር ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?»

ዝናቡ መጣ። በሩ ተንኳኳ። ሴትየዋ ከነሻንጣዋ ቆማለች።

«ይኸው! ‹የት ነበርሽ?› አላላትም!»

«ምን ብሎ ይበላት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አያውቃትማ! ክፍል ልትከራይ ነው የመጣችው። ገና መተዋወቃቸው ነው።»

ሶፋ ሠሪው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ፊልሙ መንገዱን ቀጠለ። ሲሳሳቁ አየ፣ ሲበሉ፣ ሲኮራረፉ። በመጨረሻ ሴትየዋ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች፤ ሰውየው መስኮቱ ጋ ቀረ። አንድ ቃል ብቻዋን በትልቁ ተጻፈችና ጨለመ።

ፀጉር አስተካካዩ መብራት አበራ። «ያኔ ፊልም የሚመጣው በክብ በክብ ቆርቆሮ ተከፋፍሎ ነው። አንዱ ደንቆሮ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት አድርጎታል። ቋንቋውን የሚሰማ የለ፤ ቤቱ ሞልቷል፤ ማን ይናገር? ሚስት የምትመለስበት ፊልም ያየኸው አንተና ያ ሲኒማ ቤት ብቻ ናችሁ።»

«የተገላበጠው የእናንተው ነው» አለ ሶፋ ሠሪው። «ስልክ ላይ ማንም እንደፈለገው ይቆራርጠዋል።»

«እሺ፣ አንተው ፍረድ።» ፀጉር አስተካካዩ ወደ መምጣቷ መልሶ አቆመው። ከዚያ ወደ መሄዷ ወስዶ አቆመው። እንደገና ወደ መምጣቷ። ከበሩ አጠገብ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። ሶፋ ሠሪው አንገቱን ከፎጣው አስግጎ ተመለከተ።

ስትመጣ የወንበሩ ጨርቅ ተወጥሯል፤ የጠርዙ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ መቀመጫው ሞልቶ ቆሟል። ስትሄድ ክንዶቹ ተልጠው ክሩ ወጥቷል፤ መቀመጫው ሰጥሟል፤ አንዱ ሞላ ከሥር ተላቅቆ ጨርቁን ወደ ታች ገፍቶታል። ያው ጨርቅ፣ ያው አበባ። ማንም አላደሰውም፤ ቢታደስ የሚስማሩ መስመር ይቀየር ነበር። በዚህ ወንበር ለዓመታት ተቀምጠውበታል፤ ያን ያህል ለማለቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከሶፋ ሠሪው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን አየህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ወንበሩ አልቋል።»

«ስለዚህስ?»

«መጀመሪያ መጣች። ኋላ ሄደች።»

«ጮክ በል እንጂ፣ ባለታክሲው አልሰማህም።»

«ኋላ ነው የሄደችው» አለ ሶፋ ሠሪው ጮክ ብሎ።

አፍንጫው ፈሰሰ፤ እጁ ፎጣው ሥር ነው። መጀመሪያ የሳቀችው መጋረጃ ሰፊዋ ነበረች። አጭር ሳቅ፣ ልትይዘው ሞክራ ያመለጣት። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። ባለታክሲው ስልኩን ደግኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲቀርጸው ነበር።

«ይሄ ነው ዘመናዊ ሲኒማ!» አለ። «አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ለቅሶ! ጋሼ፣ ደግመው ይበሉልኝማ፣ የመብራቱ ነገር አላማረኝም።»

ሲመሽ ቪዲዮው በየስልኩ ደርሶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዱካ መቀመጫ ለማስለበስ የመጣች ደንበኛ፣ ገና ሳታስቀምጠው፣ «መጣች እንዴ?» አለችው፤ ከኋላዋ ያሉት ፈነዱ። ሶፋ ሠሪው ዱካውን ተቀበለ፣ ለካ፣ ቀጠሮ ሰጠ። ሲወጡ የእጁን ማስቲሽ በቤንዚን አስለቅቆ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ፎቁ ወጣ።

መጋረጃ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ነበረች። «ግባ። ጨርቅ አመጣህ?»

«አላመጣሁም። ያን ጊዜ ያልሽኝን ላነሳ ነው። አንድ ላይ እንሁን ያልሽውን። አሁን ገብቶኛል። አትመጣም።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺም እኮ ነበርሽ። አይተሻል።»

እግሯን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «አየሁ። የገዛ እኅትህ ስትነግርህ አልሰማህም። ሰው በዓይኑ አይቷት መጥቶ ሲነግርህ አልሰማህም። እኔ ፊትህ ቆሜ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ስነግርህ አልሰማህም። ወንበር ሲነግርህ ሰማህ።»

«ጥፋቴ ነው።»

«ትናንት ለምን እንደሳቅሁ ታውቃለህ? ያን ቀን እምቢ ስትለኝ አንጀቴ ነው ያረረው። ግን ደግሞ ‹ይሄ ሰው ሲጠብቅ ይጠብቃል፤ የእኔ ቢሆን እኔንም እንዲህ ይጠብቀኛል› ብዬ በልቤ አስቀምጬህ ነበር። ለካስ የምትጠብቀው ሴቲቱን አይደለም። ፊልሙ ደህና ስላለቀልህ ነው።»

ሶፋ ሠሪው የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ። «አሁንም ቢሆን እጠብቅሻለሁ። እስክታስቢበት።»

«እኔ የት ሄጄ ነው የምትጠብቀኝ?» አለች። «እዚሁ ፎቅ ላይ ነበርኩ እኮ።»

ጎንበስ ብላ ማሽኑን ረገጠችው። ድምፁ ከሰው ድምፅ በላይ ነው። ጨርቁ ረጅም ነበር፤ በእጆቿ መሐል እየሾለከ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሶፋ ሠሪው ጠርዙ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሁለተኛውን መጋረጃ ስታነሳ፣ ደረጃውን ወረደ።