አርባ አክሲዮንና አሥራ ሰባት ሱቅ

ታላቅ ወንድሜ በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም። ልጅ ሆነን የሰፈር ጉልበተኛ ሲመታው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያለቅሰው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገመድ ጠቅላይ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከዚያ የድምፅ ባለሙያ ሆነና ሠላሳ አንድ ዓመት በጆሮው ኖረ። ስቱዲዮ ውስጥ ኮቴው እንዳይሰማ የለመደውን የጎማ ሶል ጫማ ዛሬም አልተወውም፤ ከኋላዬ መጥቶ ስንቴ ነፍሴን አውጥቷታል! የሱቄ የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይቀር በእሱ አጠቃለል ካልተጠቀለለ ያመዋል። የሰፈሩ ሰው «ጆሮው» ይለዋል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ከሆነ ወዲህ ግን እንዲያ ብሎ መጥራት አንዳንዴ ያቅተኛል።

ጡረታ ሲወጣ ጣቢያው አንድ የእጅ ሰዓትና አርባ አክሲዮን ሰጠው። ሰዓቷ በሦስተኛው ወር ቆመች። የአክሲዮኑን ወረቀት ግን በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ሰቀለው፣ ያውም ከአባታችን ፎቶ በላይ።

«አሁን ባለቤት ነኝ» አለኝ።

«የምኑ?»

«የቤቱ።» ጣቢያውን «ቤቱ» ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ በአርባ አክሲዮን ምናልባት የሽንት ቤቱ እጀታ ይደርስህ ይሆናል» አልኩት። አልሳቀም።

ሦስት ነን። እኔ መሐለኛዋ ነኝ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ አለኝ። የመጨረሻው አስተማሪ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት ፀጉሩም ሸሽቷል፣ ለእኔ ግን ያው ማሙሽ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔና ጋሼ ነን ያሳደግነው። ጋሼ ሳያገባ የቀረው ለዚያ ነው ይላሉ። እሱ አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም።

አምና መምህራን ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሰልፍ የወጡ ዕለት የትምህርት ቤቱ መጋዘን ተቃጠለ። ማሙሽ በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ እሳቱን ሊያጠፋ ሮጠ። በምሽቱ ዜና ጣቢያው ማንን ቢያሳይ ጥሩ ነው? የእኔን ወንድም! ጀሪካኑን እንደያዘ፣ ፊቱ ላይ ቀይ ክብ ተሠርቶበት፣ «ቤንዚን ተሸክመው መጋዘን ያቃጠሉ አስተማሪዎች» ተባለ። ያ ጣቢያ መቼም ባለሥልጣን ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት የተቋቋመ ነው፤ ከእሱ ምን ይጠበቃል። ፖሊስ ሁለት ሳምንት አስሮት ምንም ማስረጃ ሲያጣ ለቀቀው። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ግን፣ «አሁን ክፍል ባስገባህ ወላጆች ይነሱብኛል። ጣቢያው ያስተባብል፣ በማግስቱ ትመለሳለህ። የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለው። እንግዲህ የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቢያው «ተሳስተናል፣ ውሃ ነበር» እንዲል።

ማሙሽ ቤት ዋለ። መጀመሪያ ጺሙን መላጨት ተወ። ቀጥሎ በር በተንኳኳ ቁጥር ተነስቶ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረ። ሠላሳ ልጅ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው!

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማልቅ ሰው አይደለሁም። የምሽቱን ዜና ስፖንሰር የሚያደርገው አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነው። ሳሙናውን ከመደርደሪያዬ አወረድኩት። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ጎረቤቴ ባለፕላስቲኳ ነገሩን ስትሰማ እያለቀሰች ነው ካርቶኑን ያወጣችው፤ ልጆቿን ያስተማራቸው ማሙሽ ነዋ። በሁለት ሳምንት አሥራ ሰባት ሱቅ ሆንን። ደንበኛ ያንን ሳሙና ሲጠይቀን «ውሃውን ቤንዚን የሚል ሳሙና አንሸጥም» እንላለን። ሰዉ ይስቅና ሌላ ይገዛል። ወሬው ሌላም ገበያ ደረሰ። በአራተኛው ወር የፋብሪካው አከፋፋይ መኪናውን ጥግ አስይዞ መጣና በጆሮዬ፣ «እትዬ፣ አለቆቼ ተጨንቀዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲህ ከቀጠለ ማስታወቂያውን ከጣቢያው ሊያነሱ ነው። እሱ ነው የነገራት እንዳይሉ» አለኝ። ያን ቀን እየዘፈንኩ ነው ሱቅ የዘጋሁት።

ጋሼ ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደደውም።

«ሳሙና ነው እንዴ የዋሸው?» ይለኛል። «ቤት የሚጠገነው ከውስጥ ነው። ባለአክሲዮን ነኝ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ከሰፈረ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው።»

አሁን ማን ይሙት፣ እነዚያ ሰዎች ግዴታ ያውቃሉ? ስንት ቀን ተኮራረፍን። ማሙሽ መሐላችን ተቀምጦ አንዴ የእኔን አንዴ የእሱን አፍ ያያል።

ጉባኤው አሥር ቀን ሲቀረው ጋሼ እየተጣደፈ ሱቄ ገባ። የቦርዱ ሰብሳቢ ራሱ ደውሎለታል። «እየዛታችሁብን ጥያቄ አናስተናግድም። የሳሙናውን ነገር አስቁም፣ ሦስት ደቂቃ እሰጥሃለሁ» ብሎታል።

«ሦስት ደቂቃ!» አለኝ ጋሼ። «እዚያ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳስተካክል ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ የእኔ ይሰማ እንጂ። እባክሽ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንጀቴ እያወቀው! ግን ታላቄ ነው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ «እባክሽ» ብሎኝ አያውቅም። አሥራ ስድስቱንም ሱቅ ዞሬ «ለጊዜው እንተወው» አልኩ። ባለፕላስቲኳ «ልንጥላቸው አንድ ክንድ ሲቀረን?» ብላ አፈጠጠችብኝ። «ለእኔ ስትሉ» አልኳቸው። ለእኔ ሲሉ ተዉት። በሳምንቱ ሳሙናው ተመልሶ በየመደርደሪያው ተኮለኮለ፣ ያውም በቅናሽ።

ጋሼ ሁለት አክሲዮን ቀደም ብሎ በስሜ አዙሮልኝ ስለነበር ጉባኤው ላይ እኔም ገባሁ። ግዙፍ አዳራሽ ነው። በየወንበሩ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃና የሚያብረቀርቅ ሪፖርት ተቀምጧል። አብዛኛው ሰው የመጣው ለምሳውና ለምትታደለው ቦርሳ ነው። ከኋላ፣ የድምፅ ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ጋሼ ራሱ ያሠለጠነው ሰው ነበር፤ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ብድግ ብሎ አቀፈው፣ «መምህሬ!» አለው። ጋሼ ደስ አለው። እኔ እዚያው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ተራው ሲደርስ ወጣ። ያለችውን አንድ ቡናማ ኮት አስተኩሷታል።

«የተከበራችሁ ባለአክሲዮኖች፣ ይህን ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ» ሲል ቁልጭ ብሎ ተሰማ። «ከወራት በፊት ይህ ጣቢያ ስለ አንድ አስተማሪ…» ሲል ሰብሳቢው እጁ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ከዚያ የጋሼ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። ከጎኔ ያሉት ጠርሙስ እየከፈቱ ወሬ ጀመሩ። ጋሼ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ እጁን እንደ ጀሪካን ተሸካሚ አድርጎ ያሳያል፤ አንድ ቃል አይመጣም።

ብድግ አልኩ። «አይሰማም! ኧረ ድምፁ አይሰማም!» እያልኩ ሁለት እጄን አወናጨፍኩ። ጋሼ ከመድረኩ አየኝ። አየኝና ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ አይዞህ የምለው መስሎት። አስተናባሪው ትከሻዬን ይዞ «እናቴ፣ ሥርዓት ይያዙ» ብሎ አስቀመጠኝ። የድምፁን ሰውዬ ዞሬ ሳየው ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ጋሼ ወረቀቱን አጥፎ፣ እጅ ነስቶ ወረደ። ሰብሳቢው «እናመሰግናለን፤ ወደ ትርፍ ክፍፍሉ እንለፍ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ።

ደረጃው ላይ እየሳቀ ጠበቀኝ። «አየሽ? ሦስቱንም ደቂቃ አላቋረጡኝም!»

«ጋሼ፣ ማንም አልሰማህም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ድምፄ ጥርት ብሎ እየሰማሁት?»

«አንተ ሰምተኸው ይሆናል። ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወዲያ እኛ ጋ አልደረሰም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ባንዴ ነው የጠፋው፣ ወይስ ቀስ እያለ?»

«ቀስ እያለ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ያን ዕለት በምሽቱ ዜና አሳዩት፤ አፉ ሲንቀሳቀስ፣ በላዩ ላይ የሴት ድምፅ፣ «የቀድሞ ሠራተኛ ለጣቢያው ያላቸውን አድናቆት ገለጹ» ሲል። ቃለ ጉባኤው ይውጣልን ብለን ብንጠይቅ፣ ቀረጻው ላይ ድምፅ ስለሌለ ጥያቄው አልሰፈረም ተባልን። ያልሰፈረ ጥያቄ ደግሞ መልስ የለውም።

ወደ ሱቆቹ ሮጥኩ። ባለፕላስቲኳ ከወንበሯ እንኳ አልተነሳችም። «ተዉ ያልሽን አንቺ፣ ጀምሩ የምትይን አንቺ። ወንድምሽ በቴሌቪዥን ሲያመሰግናቸው አይተናል። ስንት ተከፈላችሁ?» አለችኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንድም ሱቅ አልተመለሰም። ይባስ ብለው ከእኔ ሱቅ መግዛት የተዉም አሉ። ሳሙና ሳይሆን እኔ ሆንኩ ከመደርደሪያ የወረድኩት።

የትምህርት ዘመኑ ያለቀ ሳምንት ከትምህርት ቢሮው ደብዳቤ መጣ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ማሙሽ አንብቦ በጥንቃቄ አጠፈው። ጋሼ ከጉባኤው ወዲህ ከሰው ጋር አያወራም፤ የአክሲዮኑ ወረቀት ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ማሙሽ ሄዶ ትከሻውን ያዘው።

«ጋሼ፣ ተው እንጂ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል። ማሽኑ ቢበላሽ ያንተ ጥፋት ነው?»

ያኔ ነው የተናገረው። «አልተበላሸም» አለ። «ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሲያጋድም የአዳራሹን ድምፅ ቀስ እያደረግህ ታወርዳለህ። መድረኩ ላይ ወደ ተናጋሪው የዞረችውን ትንሿን ስፒከር ግን አትነካትም። ባንዴ ብታጠፋበት ይጮኻል። ራሱን እየሰማ ከሆነ አይጮኽም፤ የልቡን ተናግሮ፣ አመስግኖ ይወርዳል። ዘዴው የእኔ ነው። ያንን ሰውዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ ጥሩ ነገር አልነበረም። ማሙሽ አልጮኸም። እጁን ከትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«ስንት ሰው ላይ ነው ያደረግኸው?» አለው።

ጋሼ ቀና ብሎ አየው። «ሥራዬ ነበር፣ ማሙሽ» አለ።

ማሙሽ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ። ያን ቀን ግን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።