ስሙን ስጠራ ኖርኩ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። ድምፁ ሸምግሏል፤ ግን «እህ…» ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወዲያው አወቅሁት። በወጣትነቴ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያሠራኝ ዶክተር ነው። ተማሪዎቹ ሊሸልሙት ነው፤ አንድ የድሮ የምርምር ጽሑፉን ሌሎች ተመራማሪዎች እጅግ ደጋግመው ስለጠቀሱት። በእኛ ሙያ ክብር የሚለካው እንዲህ ነው፤ ስንት ሰው ስምህን ጠራ ተብሎ። «አንቺም መጥተሽ ንግግር አድርጊልኝ፤ ብዙ ጊዜ ጠቅሰሽኛል አሉ፤ ውለታሽን አልረሳም» አለኝ። ላስብበት ብዬ ዘጋሁ። ንዴቴ ዕድሜዬ ገፍቶ እንኳ አልበረደም።

ያ ጽሑፍ የእኔ ሥራ ነበር።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ረዳት ነኝ። የካንሰር ህዋስ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት እየደረሰው ነው የሚራባው። እኔ የያዝኩት ያንን መልእክት ያቋርጣል ብዬ የጠረጠርኩትን አንድ ፕሮቲን ነበር። አንድ ቀን መልእክቱ ተቋርጦ አየሁት። ሮጬ ቢሮው ገባሁና ነገርኩት። «ግን ልድገመው፤ አንዴ የታየ ነገር አይታመንም» አልኩት። «ድገሚው፣ ምን ችግር አለ» አለኝ። እኔ እየደገምኩ ሳለሁ ጽሑፉ ታትሞ ወጣ። የእሱ ስም አለ፤ ቤተ ሙከራችንን ረግጦ የማያውቅ የጓደኛው ስም እንኳ አለ። የእኔ የለም። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ዕቃ ላጠቡ ረዳቶች ምስጋና ይድረሳቸው ይላል። «አንቱ» ማለቴን የተውኩት ያን ቀን ነው።

አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ አባቴ፣ ወደ መካነ ሰላም ሄድኩ። መንገድ ላይ አቀስታ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጥቅምት ስለነበር የባቄላ እሸት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ እቅፍ ነበር የምገዛው። ያን ቀን ግን የዶክተሩን ቢሮ እንዴት እንደማቃጥል ነበር የማስበው። እውነቴን ነው።

አባቴ ሸኽ ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ ደረሳ የምንላቸውን ተማሪዎች ሰብስበው ኪታብ ያቀሩ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ እያስነበቡ ያስተምሩ ነበር። ደረሳው አንድ ነገር ሲናገር «ከማን ሰማኸው?» ይሉታል። እሱም ያስተማረውን፣ የአስተማሪውንም አስተማሪ እያለ ስም ይጠራል። የነገረውን ሰው ስም የዋጠ ደረሳ ያን ቀን ከአጠገባቸው አይቀመጥም። በዚያ ግቢ ላደገች ልጅ ዶክተሩ ያደረገው ከሌብነት የባሰ ነበር።

ነገሩን ስነግራቸው ለአላህ ስጪው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «አብሽሪ ልጄ» አሉና የገብስ ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ቆይተው፣ «የጻፈው እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወላሂ አላውቅም፤ መድገሙን አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ሂጂና ጨርሺ። ውሸት ሆኖ ካገኘሽው ዝም እንዳትይ። በኛ ኢልም፣ በሃይማኖቱ ትምህርት፣ ውሸት ያወራ ሰው ስሙ አይፋቅም፣ ይጻፋል። እከሌ እንዲህ ብሏል፣ ቃሉ አይታመንም እየተባለ ሲጠራ ይኖራል።»

«ሐሜት አይሆንም አባዬ?»

«ለበሽተኛ የሚሆን ነገር ነው አላልሽኝም? ዝም ማለቱ ነው ሐራሙ» አሉኝ።

ሌላ ቤተ ሙከራ ገብቼ ደጋግሜ ሠራሁት። መልእክቱ አልተቋረጠም። ያን ቀን ያየሁት ከተበላሸ ናሙና የመጣ ነበር። ስሜን መዋጡ አዳነኝ፤ ውሸቱ የእሱ ሆነ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ባሳተምኩት ሁሉ ስሙን ጠርቻለሁ፦ እከሌ ይቋረጣል ብሏል፣ ሲደገም ግን አልተገኘም። ተማሪዎቼም ጠሩት፤ የእነሱም ተማሪዎች ጠሩት። አባቴ ወደ አኼራ ሄዱ፣ ፀጉሬ ሸበተ፣ እኔ አላቆምኩም። አንዳንዴ ይበቃል የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ያ የዕቃ አጣቢዎች ምስጋና ትዝ ሲለኝ ይጠፋል።

ነገሩ የገባኝ ባለፈው ሳምንት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብሎ የሚቆጥረው ኮምፒውተር ውዳሴንና ነቀፋን አይለይም። የሚሸለምበት ቁጥር አብዛኛው የእኔና የተማሪዎቼ ነው። የወረወርኩበትን ድንጋይ ሁሉ ለቅሞ ቤት ሠራበት። እሱ ደግሞ አንዱንም መስመር አላነበበም፤ ቢያነብ ኖሮ አመስግኖ አይደውልልኝም ነበር።

ሰሞኑን ስብሰለሰል የአባቴ ግቢ ትዝ አለኝ። እዚያ ለብቻው በዓይኑ ብቻ የሚያነብ አልነበረም፤ የሚነበበው ሁሉ ሰው እንዲሰማው ጮክ ተብሎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። «እመጣለሁ። ረጅም ንግግር የለኝም፤ አንተን የጠቀስኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አነባለሁ» አልኩት።

በጣም ደስ አለው። ሳያነበው ኖሯል፤ በጆሮው ይሰማዋል።