የጋሽ ደግፌ ተራራ

"ካረጁ አይበጁ" የሚለውን ተረት ጎረቤቴ ጋሽ ደግፌ የሰሙት አይመስለኝም። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ብሩሽ ጨብጠው ሥዕል ሊማሩ ተነሡ። ሠላሳ ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ከመሪ በቀር ሌላ አያውቅም።

ነገሩን ያመጡት ባለቤታቸው እትዬ ሸዋገነት ናቸው። ጋሽ ደግፌ ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር "እዚያ በረሃ ምን ስታይ ከረምክ?" ይሏቸው ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፤ "ተራራ።" ሴትዮዋም "ተራራዋ ስም የላትም?" ብለው ያኮርፋሉ። ሰውየው ምላሳቸው አይፈታም እንጂ እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ጡረታ ሲወጡም ጥርጣሬው ጡረታ አልወጣም። ስለዚህ ያንን ተራራ ሥለው፣ ሳሎን ሰቅለው፣ አንድ ቀን እንኳ ሊታመኑ ቆረጡ።

መምህር የተባለው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከፌርማታው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሀብተማርያም ነው። የበረሃ ተራራ በመሣል ሰፈሩ ያውቀዋል። ሰማዩን አንድ ቀለም፣ ተራራውን አንድ ቀለም፣ አሸዋውን አንድ ቀለም አድርጎ ይገላገላል። ራሱ ግን ከናዝሬት ወዲያ ወርዶ አያውቅም፤ ሙቀት አይስማማውም።

"ጋሽ ደግፌ፣ የሚያውቁትን ይርሱት። ግድግዳው ላይ ያለችውን የኔን ሥዕል ብቻ ይገልብጡ" አላቸው።

ያየ ሰው ካላየ ሰው ተራራ መማር ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ምንም ሳይገለብጡ የነዱት ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ያችኑ ሥዕል ሲገለብጡ ከረሙ። ሥዕሏ ላይ ከተራራው ወገብ ወደ ታች የምትጠማዘዝ ቀጭን ቡናማ መስመር ነበረች፤ እሷ ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሀብተማርያም ስልኩን እየነካካ "ጎበዝ" ይላል። አርባኛዋ ግልባጭ ላይ ከስልኩ ቀና አለ።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"መንገዷ ናታ፣ መምህር።"

"የምን መንገድ! ክረምት ጣሪያዬ አፍስሶ የዝገት ውሃ የወረደባት እኮ ናት!"

ይህን ስሰማ በሳቅ ፈረስኩ። ከሾፌር በቀር ዝገት ላይ መንገድ የሚያይ ማን አለ? ጋሽ ደግፌ ግን አፈሩ፤ ያን ጊዜ አሳዘኑኝ። መስመር የሌለባት ንጹሕ ሥዕል ሠሩ፤ መምህሩም "አሁን ሠዓሊ ሆኑ" ብሎ አሰናበታቸው።

ሚስማር ልመታላቸው ተጠርቼ ስገባ እትዬ ሸዋገነት ሥዕሏን አቅፈው ቆመዋል።

"ይኸውልሽ ሸዌ፣ ተራራው" አሉ ጋሽ ደግፌ።

"ሌላ ማንም የለበትም?"

"ማንም።"

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ ዐዩዋት። እኔ ጉዱ አለቀ ብዬ መዶሻዬን አነሣሁ። እሳቸው ግን ባላቸው ሶፋው ጀርባ ከደበቋቸው የቀድሞ ግልባጮች መሐል አንዷን መዘው አወጡ።

"እዚህችኛዋ ላይ ያለችው መስመርስ?"

ጋሽ ደግፌ ስለ ጣሪያውና ስለ ዝገቱ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። እንደ ልማዳቸው አንድ ቃል ብቻ ወጣ።

"መንገድ።"

እትዬ ሸዋገነት ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እንባቸው መጣ።

"ያቺን ንጹሕዋን ለመምህርህ መልስለት" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ዓይኔ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ መንገድ የሌለው ተራራ ትሰቅልብኛለህ? በምን በኩል ልትመጣልኝ ነው?"

ሚስማሩን ለዝገቷ መታሁት።