አተላ የበሉት ዝዮች

ዝዮቹን ያወፈርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው አወፈራቸው ሲባል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ሮቤ ውስጥ ለነበረው የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ከአጋርፋ በኩል ሃያ አራት የዝይ ጫጩት በጭነት መኪና መጣ። እኛም ሃያ አራት ነበርን። አሳድጋችሁ ለአንድ አባል አንድ ዝይ ትወስዳላችሁ ተባልን። ከመካከላችን ዝይ አርብቶ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ጠላ ጠማቂ ስለሆንኩና አተላ ከብት እንደሚያወፍር ስለማውቅ የመኖውን ሥራ ያዝኩ።

አተላውን ከገብስ ፉርሽካ ጋር ለውሼ በበርሜል አቆየዋለሁ። የሮቤ ብርድ ምንም ነገር ቶሎ አያስቦካም፤ ስለዚህ በርሜሉን ምድጃ አጠገብ አስጠግቼ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ኩፍ ብሎ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል። ሻጋታ ካየሁበት እደፋዋለሁ፤ ለእንስሳ የሻገተ መስጠት ግፍ ነው። አንድም ዝይ አልሞተብኝም። ደረታቸው እንደ በግ ላት ሞላ።

ይህን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራን።

«ክርስቲያኖቹ እግሩ በቆዳ የተያያዘ ወፍ አትበሉም» አለ። «ሙስሊሞቹ ደግሞ አተላ የበላ አትበሉም። እንግዲህ የሚበላው ከሌለ ከጎባ ለሚመጡት የክፍለ ሀገሩ እንግዶች ግብዣ ይሁን።»

ሙስሊሞቹ ሴቶች ዞረው አዩኝ። አተላ መሆኑን አያውቁም ነበር። እኔም አልነገርኳቸውም። ለእኔ አተላ የከብት ቀለብ ነው፤ ለእነሱ የመጠጥ ዝቃጭ መሆኑን አላሰብኩም። ከማኅበሩ ግማሹ ሙስሊም ሆኖ ይህን አለማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ነበሩ፤ አራት የልጅ ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሙስሊም አሮጊት። ክረምቱን በሙሉ ለዝዮቹ ውኃ የቀዱት እሳቸው ናቸው። ለልጆቹም ሥጋ ቃል ገብተዋል።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቅሽን? አፍ የለሽም እንዳልል፣ አፍሽስ ለከተማው ይበቃል!»

ተነሣሁ። ያኔ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ደንብ ነበር፤ እኔም አደረግሁ። «ሳልጠይቅ አተላ አብልቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኔ ጥፋት ግን የእነሱ ድርሻ አይወሰድም። ጓድ ሊቀመንበር፣ የዝዮቹን ውኃ አንድ ቀን ቀድተዋል?»

«ታዲያ አተላውን ከአንጀታቸው ልታወጪው ነው?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ ታወጣዋለች» አሉ አሮጊቷ። «አንተ ልጅ፣ ቆሻሻ ስትለቅም የከረመች ዶሮ ለይተን አስረን፣ ንጹሕ አብልተን አይደል የምናርዳት? ዝይ ከዶሮ በምን ትለያለች? በአንገቷ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን ሳቁን አቆመ።

በማግስቱ ሙስሊሞቹ ሴቶች የሰፈሩን ሼኽ ጠየቁ፤ ለይታችሁ ንጹሕ ቀልቡ፣ ከዚያ እረዱ አሏቸው። በርሜሉን በአመድ ፈትጌ አጠብኩት። በዚህ ጊዜ መኖውን የለወሱት ሙስሊሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የገብስ ክክ፣ ፉርሽካ፣ ውኃና ከሊጥ የተረፈ እርሾ። እኔ የምድጃውን ሙቀት ብቻ ጠበቅሁ።

ሊቀመንበሩ መጥቶ አሸተተና «ይህም ቦክቷል፤ ከአተላው በምን ይለያል?» አለ።

«ጠዋት የበላኸው እንጀራ ሳይቦካ ነው የተጋገረው?» አልኩት። እርስዎ ማለቱን ያን ቀን ተውኩት።

የማካፈያው ቀን ደግሞ ሊቀመንበሩ ሁሉም ዝይ በቀበሌው ግቢ ይታረድ አለ። «በማን እጅ?» አልነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ የቀበሌው አራጅ ደግሞ ክርስቲያን ነው፤ ሥጋው ለእንግዶቹ ሊቀር ነው። ባሌ ተወልዶ አድጎ ይህን የረሳ ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌባ። ትእዛዙን አነሳ። ዝዮቹ በሕይወት እንዳሉ በዕጣ ተከፋፈልን። እኛ ክርስቲያኖቹ ዝያችንን ዶሮ ላላቸው ሙስሊሞች ሰጥተን በምትኩ ዶሮ ወሰድን።

አሮጊቷ ዝያቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲወጡ ሊቀመንበሩ በር ላይ ጠበቃቸው።

«እማማ፣ ይህችን እንኳ ለእንግዶቹ ይተዉልኝ፤ አዋረዳችሁኝ እኮ።»

«እንግዳማ ክቡር ነው» አሉት። «ቤቴ ይዘሃቸው ና፤ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ዝይዋ ግን የእኔ ናት።»

አልመጣም። አራቱ ልጆች አጥንቱን እየተቀማሙ ጨረሱት።