የሪህ ክኒኔ በሽምግልናው ቀን

የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ማንበብ የቻልኩ ሰው ነኝ። አዋሽ ላይ የመድኃኒት ወረቀት ማስነበብ የፈለገ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። የእግሬን አውራ ጣት ሪህ ሲይዘኝም ኮልቺሲን ገዝቼ ራሴን በራሴ አክማለሁ። በቅርቡ ለጨጓራዬ ክኒን ያዘዘልኝ ወጣት ሐኪም ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቀኝ የለም አልኩት። የሪሁን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ምን አገባው?

የጨጓራውን በጀመርኩ ሰሞን ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሰመራ ሄድን። ሌላ ቤተሰብም ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰምተናል፤ መልስ ይዘን ካልተመለስን ልጃችን ልጅቷን ማጣቱ ነው። ጣቴ ሲነድ ስላደረ፣ ሰው ፊት እንዳላነክስ ብዬ ክኒኔን ጠዋትም ዋጥኩ፣ ሚሌ ምሳ ላይም ደገምኩ። ሎግያ ስንደርስ ሆዴ መጮህ ጀመረ።

የልጅቷ አባት ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ሽማግሌ ማመላለስ የሚወዱ ሐጂ ናቸው። እንደ ወጉ መልስ ካልተሰጠን አንቀመጥም ብለን ቆምን። እሳቸውም ዘመድ ላማክር፣ ከረመዳን በኋላ ተመለሱ አሉ። እኔ ንግግሬን ስጀምር ሆዴ ተገለባበጠ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ተመልሼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ደግሞ ወጣሁ። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ግን ከንግግሬ አንዲት ቃል አልጣልኩም። በመጨረሻ ግድግዳ ይዤ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ሽማግሌ ፊት መታየት የሌለባት ልጅቷ ራሷ ከጓዳ ወጣች። ፋርማሲስት ናት። ምን እንደወሰድኩ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ክኒን ከኪሴ አወጣሁላት። ፊቷ ተለወጠ። የጨጓራው ክላሪትሮማይሲን የሪሁን መድኃኒት ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው እንደ መርዝ እንደሚሆን፣ ተቅማጡም ምልክቱ እንደሆነ ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ፊደሉ ግን ለእኔ ዓይን እንኳ ደቃቅ ነው።

«አባባ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ» አለች።

«መልሴን ሳልይዝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አልኩ።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ መልስላቸው። እስከ ረመዳን የሚቆዩ አይመስለኝም።»

ሐጂው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አዲሱን ምንጣፋቸውን አዩ። «ሰጥተናል፤ አላህ ያሳምረው። መኪና ጥሩ» አሉ።

ሆስፒታል ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኝቼ ሳለ የእህቴ ልጅ ደወለ። ሌላው ወራት የሚመላለስበትን በአንድ ቀን እንዴት እንደጨረስኩት ጠየቀኝ። ሙሽራዋ አጠገቤ ቆማ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ እየለቀመች ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ችሎታ በስልክ አይነገርም ብዬው ዘጋሁት።