ሻይ ያልተሰጠው ወታደር

ነገሩ የሆነው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ። ታናሽ ወንድሜ በደወለልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለሱ ግን ነግሬው አላውቅም። ማንበብ ስለማይወድ ነው እዚህ ለመጻፍ የደፈርኩት።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ በኬርጊቨርነት፣ አረጋውያንን በመንከባከብ እሠራለሁ። ያኔ የምንከባከባቸው ሴትዮ ካናዳዊት ነበሩ፤ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እማማ ኤድና እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ብጠራቸው ዞር ብለው አያዩኝም።

እማማ ኤድና ልጃገረድ ሳሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንግሊዝ አገር ሄደው ለካናዳ ወታደሮች ሻይ ያድሉ ነበር። ጎኑ እንደ ሱቅ መስኮት የሚከፈት መኪና ነበራቸው። ወታደሮቹ ወዳሉበት እየነዱ ሻይ፣ ዳቦ፣ ሲጋራ፣ የሱፍ ካልሲ ይሰጧቸዋል። "አንዳንዱ ሻዩን የሚፈልገው እጁን ለማሞቅ ብቻ ነበር" ይሉኛል። አንድ ማለዳ ደግሞ ወደብ ድረስ ሄደው፣ ባሕር ሊሻገሩ ለተሰለፉ ልጆች አደሉ። አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ።

እኔ ሥራ ስጀምር መዘንጋት ጀምረው ነበር። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ሳስቀምጣቸው "ልጆቹ መጥተዋል" ይላሉ። ባዶ ስኒ አንስተው ለማይታይ ሰው ያቀብላሉ። "ትኩስ ነው፣ ቀስ ብለህ" ይሉታል። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ለመድኩትና ስኒውንም እኔው አቀብላቸው ጀመር። ቶራንስ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ስነግራት "ኦኬ ነው፣ ደስ ካላት ተያት" አለችኝ።

በዚያ ሰሞን እኔም ደህና አልነበርኩም። ወንድሜ ሰይድ ወታደር ነው። ድምፁ ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። አብረውት የነበሩ ልጆች ተመትቶ ሲወድቅ አይተናል አሉ። ዘመዶች "ሰደቃውን እናውጣለት" ብለው እናቴን ሲለምኗት፣ "ሬሳውን ያየ ይምጣና ይንገረኝ" ብላ እምቢ አለች። እኔ ይህን ሥራ ቦታ ለማንም አልተነፈስኩም። የማለቅሰው ሺፍቴን ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ እማማ ኤድና ጠሩኝ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

"ይኼ ልጅ የኛ አይደለም" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ።

"የቱ ልጅ?"

"ከሰልፉ መጨረሻ ያለው። ጥቁር ነው። ልብሱም የኛ ልብስ አይደለም።" ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ "አንዱ ጆሮው ጫፍ የለውም" አሉ።

ሰይድን ልጅ ሳለ የጎረቤት ውሻ ነክሶት የግራ ጆሮውን ጫፍ ቆርጦታል። ስልኬ ላይ ያለው አንድ ፎቶው ነው፤ እዚያም ላይ ቆብ ጆሮው ድረስ አጥልቋል።

"ምን ይላል?" አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ጠምቶኛል ይላል።"

ሮጬ ውሃ ቀዳሁ። ሰው ጠማኝ እያለ እንዴት ይቆማል? መስኮቱ ጋ ስደርስ ወደ ውጭ አየሁ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ታልፋለች፣ ፀሐዩ መንገዱ ላይ ያንጸባርቃል። ሌላ ምንም የለም። ግን አጠገቤ የሆነ ሰው የሚተነፍስ መሰለኝ።

ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ ላስቀምጥለት ስል እማማ ኤድና የእጄን አንጓ ያዙኝ። ማንኪያ ማንሳት የሚያቅታቸው ሴት ናቸው። አያያዛቸው ግን አሳመመኝ።

"አትስጪው።"

"እማማ፣ ወንድሜ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ከዚህ የጠጣ ልጅ ወደ ቤቱ አይመለስም። እነዚህ ሁሉ የጠጡ ናቸው።"

እጄን መንጭቄ ማስለቀቅ እችል ነበር። አልመነጨቅኩም። ውሃው ምንጣፉ ላይ እየፈሰሰ እያለቀስኩ ቆምኩ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ከሳቸው ሰምቼው በማላውቀው የወጣት ድምፅ፣ "ለአንተ የለንም። ሂድ፣ ወደመጣህበት ተመለስ" አሉ። እንደ ክፉ ባለሱቅ ነበር የተናገሩት።

ከዚያ "ሄደ" አሉና እጄን ለቀቁኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ የወንድሜን ጥም እያየሁ ውሃ የከለከልኩት ያህል ተሰማኝ። እናቴ ስትደውል ስልኩን አላነሳሁም። እማማ ኤድናም ስለዚያ ልጅ ዳግመኛ አላወሩም። ብዙም ሳይቆዩ በተኙበት አረፉ።

ጦርነቱ ካቆመ በኋላ ነው ሰይድ የተገኘው። ሆዱን ተመትቶ ወድቆ፣ ገበሬዎች አንስተው ደብቀው አስታመውት ነበር። እናቴ ደውላ ስሙን ብቻ ነው ደጋግማ የጠራችው።

ከርሞ፣ አገግሞ በደንብ ማውራት ሲጀምር፣ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት።

"የማስታውሰው ጥማቱን ነው" አለኝ። "አንድ ጎኑ የተከፈተ መኪና ቆሞ ለወታደር ሻይ ያድላሉ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ፈረንጅ ለአንተ የለንም ብላ አባረረችኝ። ቅዠት ነው መቼም። ግን እስካሁን ቅር ይለኛል።"

"አሮጊት ናት?" አልኩት።

"ኧረ ልጃገረድ ናት። ምነው?"

ተነስቼ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋሁ። "ሐያት፣ አለሽ?" አለኝ። "አለሁ" አልኩት።

እማማ ኤድና የጆሮውን ነገር ሳላስበው ከኔ ሰምተው ይሆናል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። የሱን ቅዠት ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ብቻዬን ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ትቻለሁ። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም ለእማማ ኤድና ዱዓ አደርጋለሁ።

ሰይድ ግን ያቺን ፈረንጅ ይቅር አላላትም። በደወለ ቁጥር፣ ሰው ባለበት ሁሉ፣ እያሳቀ ያማታል። እኔ አልከላከልላትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሱ እስኪበቃው ድረስ አዳምጣለሁ።